ውሃው አለ፣ ተራራው አለ፣ የጎደለው አንድ ሜትር ተኩል ነው
በገፈርሳ እና በለገዳዲ በኩል ስለሚነዱ ብስክሌተኞች

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ብስክሌት ሲነሳ ወሬው ሁሉ የመሀል ከተማ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ስፋታቸው እንዴት ነው፣ ማን ይሄድባቸዋል፣ ማን መኪና ያቆምባቸዋል፣ ወዘተ። መነጋገራችን ጥሩ ነው። ግን በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ሰው እየተረሳ ነው። ሳይክልን እንደ ስፖርት የያዘው ወጣት!

ይሄ ልጅ በቀን 60 እና 80 ኪሎ ሜትር መንዳት አለበት። ይሄንን ከፒያሳ አራት ኪሎ እየተመላለሰ ሊጨርሰው አይችልም። መብራት አለ፣ እግረኛ አለ፣ መስመሩም ገና ሰውነቱ ሳይሞቅ ያልቃል። ስለዚህ ከከተማ ይወጣል። የሚወጣባቸው በሮች ደግሞ የታወቁ ናቸው። በምዕራብ የአምቦ መንገድ፣ በምሥራቅ የደሴ መንገድ፣ በሰሜን የጎጃም መንገድ።

ልብ በሉ፣ ከነዚህ ከሦስቱ ሁለቱ ከተማችን የምትጠጣው ውሃ ወዳለበት የሚሄዱ ናቸው። በአምቦ መንገድ ቡራዩን እንዳለፍን ገፈርሳ አለ። በደሴ መንገድ ለገጣፎን አልፈን ከዋናው መንገድ ገባ ስንል ደግሞ ለገዳዲ እና ድሬ አሉ። ለገዳዲ እ.ኤ.አ. በ1970፣ ድሬ በ1999 ሥራ የጀመሩ ግድቦች ናቸው። ገፈርሳ ከሁለቱም ይቀድማል።

ተራራ ላይ የተኛ ሰው ሠራሽ ሐይቅ እና አጠገቡ የሚያልፍ አስፋልት በሌላው ዓለም ለብስክሌተኛ ገነት ነው። እኛ ጋ ግን በመስታወት ወደኋላ እያዩ፣ ትንፋሽ ይዘው የሚያልፉት ቦታ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ምንስ ማድረግ ይቻላል? ዛሬ የምናየው ይሄንን ነው።

ፅጋቡ የወጣው ግድብ

ከእኛ ልጅ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2016 ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዚያ ዓመት ሐምሌ 20 ቀን፣ በውድድሩ 17ኛ ምዕራፍ፣ ተወዳዳሪዎቹ ከስዊዘርላንዷ በርን ተነስተው 184.5 ኪሎ ሜትር ነዱ። ያበቁት ከተማ ላይ አልነበረም። ግድብ ጋ ነበር። ቦታው ኤሞሶን ይባላል፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ከፈረንሳይ ድንበር አፍ ላይ የሚገኝ የኤሌክትሪክ ኃይል ግድብ ነው። የመጨረሻው አቀበት 10.4 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው፣ አማካይ ዳገቱም 8.4 በመቶ። ይሄ ማለት በየ100 ሜትሩ ከስምንት ሜትር በላይ ወደ ላይ መውጣት ነው። ያውም ከዚያ በፊት 13 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የፎርክላዝን አቀበት ጨርሰው ነው። የዕለቱ አሸናፊ ሩሲያዊው ኢልኑር ዛካሪን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ማን ነው ተራራ ጫፍ ድረስ አስፋልት የሠራው? ለብስክሌት ተብሎ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። 180 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ሲገነባ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ማሽንና ሠራተኛ ወደ ላይ መውጣት ነበረበት። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ አለቀ፤ መኪናዎቹ ሄዱ፣ መንገዱ ቀረ። ከዚያ በላይ የሚሄድበት ከተማ ስለሌለ የጭነት መኪና አያልፍበትም። ጎብኚ በበጋ ይወጣል፣ በክረምት በበረዶ ይዘጋል። ብስክሌተኛው ያገኘው እንግዲህ ይሄንን ነው። ደህና አስፋልት፣ ረጅም አቀበት፣ ፀጥ ያለ መንገድ።

በአልፕስ ተራሮች ይሄ ታሪክ ደጋግሞ ይመጣል። በፈረንሳይ የሮዝላንድ ግድብ አለ፤ ከሐይቁ በላይ ያለው ኮርሜ ደ ሮዝላንድ 1,968 ሜትር ላይ ነው፣ ቱር ደ ፍራንስም በተደጋጋሚ ያልፍበታል። ሞን ሰኒ አለ፤ ከ1,900 ሜትር በላይ የተኛ ትልቅ ሰው ሠራሽ ሐይቅ። በጣሊያን የካንካኖ ሐይቆች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የጂሮ ዲታሊያ 18ኛ ምዕራፍ ያበቃው እዚያ ሲሆን ያሸነፈውም አውስትራሊያዊው ጄይ ሂንድሊ ነው። ሊቪኞ የምትባለው የጣሊያን ከተማም አለች። ከጎኗ በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ የግድብ ሐይቅ አላት፤ ትልልቅ የብስክሌት ቡድኖች ለከፍታ ልምምድ ከሚመርጧቸው ቦታዎችም አንዷ ናት።

ገፈርሳ ከኤሞሶን ይበልጣል

አሁን ቁጥሩን እናነጻጽር። የኤሞሶን ውድድር ያበቃው 1,960 ሜትር ላይ ነው። ገፈርሳ ያለው 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስድስት መቶ ሜትር እንበልጣለን! በቱር ደ ፍራንስ ከሚፈሩት አቀበቶች አንዱ የሆነው ጋሊቢዬ ጫፉ 2,642 ሜትር ነው። ማለትም ከቡራዩ በላይ ያለው የከተማችን ውሃ የተኛው አውሮፓውያን «የሰማይ ጣሪያ» አድርገው በሚያዩት ከፍታ ላይ ነው። እኛ እዚያ ገበያ እንወጣለን፣ እነሱ እዚያ ታሪክ ይጽፋሉ።

ከፍታው ለምን ይጠቅማል ለሚል፣ ነገሩ ቀላል ነው። በ2,600 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል። ሰውነት በትንሽ ኦክስጅን መሥራት ይለምዳል፤ ቀይ የደም ሴል ይጨምራል። የአውሮፓ ቡድኖች ብዙ ገንዘብ አውጥተው በስፔን ቴይዴ እና ሴራ ኔቫዳ ላይ ለሳምንታት የሚከርሙት ለዚህ ነው። ሁለቱም ካምፖች ከገፈርሳ ዝቅ ይላሉ። የሳሳ አየር ሌላም ጥቅም አለው፤ ነጂውን ወደኋላ የሚገፋው ነገር ይቀንሳል። ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰኑን ሊሰብር የሄደው ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ነበር፤ 2,240 ሜትር ላይ፣ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነዳ። አዲስ አበባ ከሜክሲኮ ሲቲም ከፍ ትላለች።

ይሄ ሀብት መሆኑን ሯጮቻችን ካወቁት ቆይተዋል። ሱሉልታ ላይ የውጭ ሀገር ሯጮች ሻንጣቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ሆቴል ይይዛሉ፣ ይበላሉ፣ አሠልጣኝ ይቀጥራሉ። ከፍታው ገንዘብ ሆኗል። በብስክሌት ግን እስካሁን ይሄ የለም። ለምን? ሯጭ ሜዳ ላይ፣ ጫካ ውስጥ፣ የእግር መንገድ ላይ መሮጥ ይችላል። የውድድር ሳይክል ቀጭን ጎማ ያለው ነገር ነው፤ ያለ አስፋልት ከንቱ ነው። አስፋልቱን ደግሞ ከሲኖ ትራክ ጋር ነው የሚጋራው።

ልዩነቱ ምንድን ነው?

ዋናው ነጥባችን እዚህ ጋ ነው። የኤሞሶን መንገድ ግድቡ ጋ ሲደርስ ያልቃል። የገፈርሳ መንገድ ግን ግድቡን አልፎ ይቀጥላል። መናገሻ፣ ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ አምቦ፣ ነቀምቴ እያለ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ይዘልቃል። ቡናው በእሱ ይመጣል፣ እህሉ በእሱ ይመጣል፣ ከሙገር አካባቢ የሚጫነው ሲሚንቶም ሆለታ ጋ ይቀላቀለዋል። የለገዳዲውም እንደዚያው ነው። ሰንዳፋን አልፎ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ደሴና ኮምቦልቻ ይሄዳል። ፋብሪካ ያለባቸው ከተሞች ናቸው፤ ተሳቢው ቀንም ሌሊትም አያርፍም።

ስለዚህ አልፕስ ላይ የግድብ መንገድ ማለት የመጨረሻ መንገድ ነው። እኛ ጋ የግድብ መንገድ ማለት የሀገር ደም ሥር ነው። ብስክሌተኛውን የሚያስፈራው አቀበቱ አይደለም፤ ከኋላው የሚመጣው ነው።

በዚህ መንገድ በቅዳሜና በእሁድ ጠዋት ያለፈ ሰው ሁሉ ሥዕሉን ያውቀዋል። ነጂው የአስፋልቱን ጠርዝ ይዞ ይሄዳል። ከጠርዙ ውጭ ያለው የመንገድ ትከሻ በብዙ ቦታ ወይ ጠባብ ነው፣ ወይ አፈርና ጠጠር ነው፣ ወይ ደግሞ የሆነ ነገር ቆሞበታል። ባጃጅ ደንበኛ ይጠብቃል፣ ሚኒባስ ሰው ያወርዳል፣ ድንች ሻጭ ተደርድሯል፣ ሣር የጫነች አህያ ትመጣለች። ነጂው እነሱን ለማለፍ ወደ መሀል መውጣት አለበት። ልክ በዚያች ቅጽበት ከኋላ አይሱዙ ጡሩምባውን ይነፋል። ከፊት ደግሞ ሌላ መኪና ደርቦ እየመጣ ነው። ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ የሚሸሸው ማን ነው? ቀጭኑ ነው። የሚሸሽበት ቦታ ደግሞ አስፋልቱ ከአፈሩ በአንድ መዳፍ ከፍ ብሎ የተቆረጠበት ጠርዝ ነው። ቀጭን ጎማ እዚያ ከገባ በኋላ መውደቅ ነው።

ትልቅ መኪና ሳይነካህም ያወድቅሃል። ተሳቢ በፍጥነት ሲያልፍ መጀመሪያ አየሩ ወደ ውጭ ይገፋሃል፣ ቀጥሎ ወደ ራሱ ይስብሃል። ክብደቱ ብስክሌቱን ጨምሮ 70 ኪሎ ለሆነ ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከነዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ብረት ያልለበሱት ማለት ነው። ስለዚህ የምናወራው ስለ ምቾት አይደለም። ጠዋት ከቤቱ የወጣ ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ ይመለሳል ወይ የሚለውን ነው።

የመሀል ከተማው መስመር መልስ ነው?

«ታዲያ መንግሥት የብስክሌት መስመር ሠርቶ የለ እንዴ?» የሚል ይኖራል። ሠርቷል፣ ይሄንን አንክድም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 «መንገድ ለሰው» ተብሎ መኪና ያልገባባቸው ቀናት ሲጀመሩ ብዙ ሰው ሳቀበት። ከዚያ ከተማዋ ለ2019–2028፣ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ደግሞ በሀገር ደረጃ ለ2020–2029 ሞተር አልባ ትራንስፖርት ላይ ስትራቴጂ አወጡ። ከዚያ ኮሪደሩ መጣ። ነገሩ ከወረቀት ወደ ቀለም፣ ከቀለም ወደ አስፋልት ሄዷል።

ግን ያ መስመር የተሠራው ለሌላ ሰው ነው። ከቤቱ ወደ ሥራ ለሚሄድ፣ ዕቃ ለሚያደርስ፣ ልጁን ይዞ ለሚዝናና። ለእነሱ 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት በቂ ነው። ስፖርተኛው በሜዳ ላይ 35 እና 40 ይነዳል። እሱን ሕጻናት በሚጫወቱበት መስመር ላይ ብትለቀው አደጋው እሱ ራሱ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ሁለቱን መለየት አለብን። የከተማው መስመር ትራንስፖርት ነው። የገፈርሳና የለገዳዲ መንገድ ስታዲየም ነው። ሜዳ የሌለው ቡድን ደግሞ ዋንጫ አይጠየቅም።

ጎረቤቶቻችን የት እንደደረሱ ማየት ነው። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ምዕራፍ አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ። ሩዋንዳ በመስከረም 2025 የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮናን በኪጋሊ አስተናገደች፤ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው ነው። የወንዶቹ ዋና ውድድር 267.5 ኪሎ ሜትር ሆኖ ከ5,400 ሜትር በላይ አቀበት ነበረው። ታዴይ ፖጋቻር አሸነፈ፤ ውድድሩን የጨረሱት ግን 30 ሰዎች ብቻ ናቸው። አቀበት፣ ከፍታ፣ ሙቀት፤ የኛን መሬት የሚመስል ውድድር ነበር።

እኛስ? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ የመጀመሪያ ኦሊምፒኳን ስትሳተፍ ብስክሌተኞችም ይዛ ነበር። አዲስ ነገር አይደለም እንግዲህ። ለረጅም ጊዜ የዚህ ስፖርት ልብ ትግራይ ነበረች፤ ፅጋቡም የዚያ ውጤት ነው። ጦርነቱ ያንን ልብ ምን ያህል እንደጎዳው ሁላችንም እናውቃለን። ስፖርቱ እንዲያገግም ከተፈለገ መቀሌም፣ አዲስ አበባም፣ ባሕር ዳርም፣ ሐዋሳም ያለ ልጅ የሚነዳበት መንገድ ይፈልጋል።

«በውሃው ዙሪያ ይሠራ» ለሚሉ

አንዳንድ ሰው መፍትሔ ብሎ የሚያቀርበው ይሄንን ነው። በገፈርሳ ወይም በለገዳዲ ሐይቅ ዙሪያ የሚዞር የብስክሌት መንገድ ይሠራ፤ ካፌ ይከፈት፣ ሎጅ ይሠራ፣ መዝናኛ ይሁን። ፎቶው ያምራል። እኛ ግን አንስማማም።

ምክንያቱ አንድ ነው። ኤሞሶን፣ ሮዝላንድ፣ ሞን ሰኒ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ግድቦች ናቸው። ውሃው ወደ ተርባይን ነው የሚሄደው። የገፈርሳና የለገዳዲ ውሃ ግን ወደ ቧንቧችን ነው የሚመጣው። ልጅ የሚጠጣው፣ ቡና የሚፈላበት፣ ሆስፒታል የሚታጠብበት ውሃ ነው። ዳር ዳሩን አስፋልት ስታደርገው ዝናብ ሲዘንብ የመኪና ዘይቱ፣ የጎማው ብናኝ፣ ቆሻሻው ታጥቦ ይገባል። መንገድ ካለ ካፌ አለ፣ ካፌ ካለ ሽንት ቤት አለ፣ ሽንት ቤት ካለ ጉድጓድ አለ። ቀጥሎ ቤት ይመጣል። ይሄንን በከተማችን ዙሪያ በዓይናችን አይተነዋል፤ መንገድ የገባበት ቦታ ባዶ ሆኖ አይቆይም።

ደግሞም ግድቦቹ አሁን እንኳ ያለባቸው ጫና ቀላል አይደለም። ከላይ ያለው መሬት ይታረሳል፣ አፈሩ በጎርፍ ይመጣል፣ ማዳበሪያውም አብሮ ይወርዳል። ደለል የግድቡን ሆድ ይሞላል። ማዳበሪያው አልጌ ያበቅላል፤ ውሃውን ማጣራት ከባድና ውድ ይሆናል። በዚህ ላይ ሌላ ሸክም መጨመር ለጥቂት ሰው መዝናኛ ሲባል የብዙኃኑን ብርጭቆ ማደፍረስ ነው።

ብስክሌተኛውም ይሄንን አልጠየቀም። ውሃውን ከሩቅ ቢያየው ይበቃዋል። የሚፈልገው ውሃው ዳር መድረስን ሳይሆን መንገዱ ላይ በሕይወት መቆየትን ነው።

አንድ ሜትር ተኩል

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ የሚያስጨበጭብ አይደለም፤ ሪባን የሚቆረጥለትም አይደለም። የመንገድ ትከሻ ነው። ከነጩ መስመር ውጭ አንድ ሜትር ተኩል ያህል በደንብ የተነጠፈ፣ ከዋናው አስፋልት ጋር እኩል የሆነ፣ ጠርዙ ያልተቆረጠ ትከሻ። በቃ።

ይሄ ለብስክሌተኛው ብቻ አይደለም። ገፈርሳ አካባቢ ተማሪው በዚያ ነው የሚሄደው። እንጨት የተሸከመችው እናት በዚያ ነው የምትሄደው። አህያውም በዚያ ነው። መኪና የተበላሸበት ሾፌርም ዳር የሚይዝበት ያገኛል። ስለ ሳይክል ያነሳነው ጥያቄ መጨረሻው የገበሬው ጥያቄ ሆኖ ይመጣል። ምናልባት ለዚህ ነው እኛን ይሄን ያህል የሚያሳስበን።

ትከሻን ለብቻ ፕሮጀክት አድርጎ መሥራት ውድ ሊሆን ይችላል። ግን መንገድ በየተወሰነ ዓመት ይጠገናል፤ አስፋልቱ እንደገና ይነጠፋል። ማሽኑ እዚያው ቆሞ፣ ሬንጁ እዚያው ፈልቶ እያለ ትከሻውን አብሮ መሥራት ብልህነት ነው። ዲዛይኑ ሲጻፍ መጨመር አለበት፣ ካለቀ በኋላ ግን «በጀት የለም» ነው መልሱ።

ከዚህ ጎን ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ፦

አንደኛ፣ የመጫኛና የማውረጃ ቦታ። ሚኒባስና ባጃጅ ትከሻው ላይ የሚቆሙት ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ስላልተሰጣቸው ነው። ከመንገዱ ገባ ያለ መቆሚያ ቢሠራላቸው ትከሻው ይለቀቃል።

ሁለተኛ፣ ምልክት። «ብስክሌተኞች የሚለማመዱበት መንገድ» የሚል ሰሌዳ ሾፌሩን ቢያንስ ያነቃዋል። ሾፌር ያልጠበቀውን ነገር ዘግይቶ ነው የሚያየው።

ሦስተኛ፣ ሰዓት። በእሁድ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ በተወሰነ ርቀት ላይ ብቻ፣ የትራፊክ ፖሊስ ቢቆምና ፍጥነት ቢቀንስ ምን ይጎዳል? ለሩጫ ውድድር መሀል ከተማን ሙሉ ጠዋት ስንዘጋ ኖረናል።

አራተኛ፣ ነጂዎቹ ራሳቸው። ሁለት ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን እያወሩ መንዳት፣ ያለ ሄልሜት መውጣት፣ ሲጨልም ያለ መብራት መመለስ፣ የመኪና ኋላ ይዞ አቀበት መውጣት። ይሄ ሁሉ ይታያል። መንገዱ ይስተካከል ስንል እነሱም መስተካከል አለባቸው።

ሦስት ባለቤት ያለው መንገድ

ይሄ ሁሉ ቀላል ከሆነ ለምን አይሠራም? ባለቤቱ ብዙ ስለሆነ ነው። ዋናው መንገድ የፌዴራሉ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። ግድቡ የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። መሬቱ ደግሞ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ቡራዩና ለገጣፎ ለገዳዲ በእሱ ስር ገብተዋል። የሚነዳው ልጅ የአዲስ አበባ ነው፣ የሚነዳበት መንገድ የፌዴራል ነው፣ የመንገዱ ዳር የሸገር ነው። አንዱን ብትጠይቀው ወደ ሌላው ይልክሃል። የብዙ ሰው አደራ ሲሆን እንዲህ ነው፤ የሁሉም የሆነ ነገር የማንም አይደለም።

ኤሞሶን ከአቀበቱ በላይ የሚያስተምረን ይሄንን ነው። ያ ግድብ የሁለት ሀገር ነው፤ ፈረንሳይና ስዊዘርላንድ በጋራ ነው የሠሩት። ግንባታው ሲታሰብ ድንበሩ ችግር ሆነ። ምን አደረጉ መሰላችሁ? ቁጭ ብለው ተነጋገሩ፣ በስምምነት መሬት ተለዋወጡ፣ ግድቡ ሙሉ በሙሉ በስዊዘርላንድ በኩል እንዲሆን ድንበሩን አንቀሳቀሱት። ሁለት ሉዓላዊ ሀገሮች ለአንድ ግድብ ሲሉ ካርታ ቀየሩ። እኛ አንድ ሀገር ውስጥ ያሉ ሦስት መሥሪያ ቤቶች ለአንድ ሜትር ተኩል አስፋልት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ እንዴት ያቅታቸዋል?

ሌላ አማራጭም አለ

ሁሉንም ነገር አዲስ አበባ ላይ መጫንም ልክ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ካምፕ፣ ለብሔራዊ ቡድን ዝግጅት፣ ከውጭ ለሚመጣ ቡድን ከዋና ከተማው ግርግር የራቀ ቦታ ቢታሰብ ይሻላል። አንዱ መልካ ዋከና ነው። በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ፣ በአርሲና በባሌ መካከል ባለው ደጋ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ግድብ ነው። ከሻሸመኔ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ሮቤ የሚሄደው አስፋልት በዚያ አካባቢ ያልፋል፤ ሜዳ አለው፣ ከዲንሾ በኩል አቀበት አለው፣ ብርድ አለው። ፊንጫም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የተገነባ፣ ከ2,200 ሜትር በላይ ያለ ሐይቅ። ሁለቱም የመጠጥ ውሃ ሳይሆኑ የኃይል ግድቦች ናቸው፤ የአልፕሱን የሚመስሉት እንግዲህ እነዚህ ናቸው።

የብስክሌት ፌዴሬሽኑና የቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች አንድ ካርታ ቢያወጡ እንላለን። የት አስፋልት አለ፣ የት ትከሻ አለ፣ የት ውሃና ሕክምና ይገኛል፣ የት መንዳት አይገባም የሚለውን የያዘ አንድ ካርታ። ይሄ ሕንፃ አይጠይቅም። መንገዱን የሚያውቁ ጥቂት ነጂዎችና አንድ ሳምንት ይበቃሉ።

ለማጠቃለል

የእኛ ሀገር ለዚህ ስፖርት የጎደላት ተራራ አይደለም፣ ከፍታም አይደለም፣ እግርም አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ተራራ ላይ ግድብ ሲሠራ መንገዱ ለብስክሌተኛው ተረፈው። እኛ ጋ መንገዱ ስለማይተርፍ መጨመር አለበት፤ ያውም ትንሽ። ውሃውን ሳንነካ፣ የማንንም መሬት ሳንወስድ።

ከፍታው ከእግዜር በነጻ ተሰጥቶናል። ትከሻው ግን ከእኛ ነው የሚጠበቀው። የአምቦ ወይም የደሴ መንገድ ለጥገና ተራው ሲደርስ ዲዛይኑን የሚፈርም ባለሙያ ይሄንን ጽሑፍ ካነበበው፣ አንድ መስመር እንዲጨምር እንጠይቀዋለን። እናንተም በዚያ መንገድ መሪ ይዛችሁ ስታልፉ፣ ከፊታችሁ አጎንብሶ የሚነዳ ልጅ ካያችሁ፣ ጡሩምባውን ተዉትና ፍጥነት ቀንሱለት። ትከሻው እስኪሠራ ድረስ ያችን አንድ ሜትር ተኩል ልትሰጡት የምትችሉት እናንተ ናችሁ።